ወደ ፀሐይ መውደቅ ከሥርዓተ ፀሐይ ከመውጣት ለምን ይከብዳል?

ዜሮ ስበት (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኛል። ፀሐይ በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ካለው ቁስ ከ99.8 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለብቻዋ ይዛ ሁሉንም ወደ ራሷ ትስባለች። እንግዲያው መንኮራኩር ወደ እሷ መላክ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ መሆን ነበረበት፤ ከመሬት ስበት አውጥቶ መልቀቅ ነው፣ የቀረውን ራሷ ትጨርሰዋለች። የሚባለው ግን ተቃራኒው ነው። ዕቃ ፀሐይ ላይ ከመጣል ይልቅ ጨርሶ ከሥርዓተ ፀሐይ ማስወጣት ይቀላል ይላሉ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ በቁጥር ሲሰላ ስንት ይሆናል? መሬት ራሷስ ለምን አትወድቅም? ለመጨረሻው "የፀሐይ ስበትና ወደ ውጭ የሚገፋት ኃይል ስለተመጣጠኑ ነው" የሚል መልስ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ አላጠገበኝም። ቀመር ካስፈለገ አስገቡበት፣ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይገባኛል።

ኬፕለር ሦስት

እውነት ነው። የዘነጋኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመሬት የሚነሳ ነገር ሁሉ የመሬትን ፍጥነት ይዞ ነው የሚነሳው።

መሬት በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 29.8 ኪ.ሜ. ትጓዛለች፤ ያውም ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ጎን። ከመሬት ስበት እንደ ምንም አምልጦ የተለቀቀ መንኮራኩር ይህ ፍጥነት አብሮት ስለሚቀር ወደ ፀሐይ አይወርድም፤ መሬት በምትዞርበት ምህዋር እሱም በዓመት አንዴ ይዞራል። ከሚበር መኪና መስኮት የተለቀቀ ድንጋይ መኪናው ወደሚሄድበት መብረሩን እንደማይተወው ነው። ለመውደቅ ያ የጎን ፍጥነት መጥፋት አለበት። ጠፈር ላይ ደግሞ ፍጥነት መቀነስም መጨመርም የሚበላው ነዳጅ እኩል ነው፤ ፍሬን የሚሆን አየር የለም፣ ያለው ሮኬቱ ብቻ ነው።

ሁለቱን ጉዞዎች እንመዝናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ፍጥነቶች ሁሉ በሰከንድ ኪ.ሜ. ናቸው።

ለመውጣት፦ የማምለጫ ፍጥነት ማለት በዚያው ርቀት ላይ ያለው የክብ ምህዋር ፍጥነት በ1.414 (በ2 ስኩዌር ሩት) ሲባዛ ነው። 29.8 × 1.414 = 42.1። ከዚህ ውስጥ 29.8ቱን መሬት በነጻ ሰጥታሃለች፤ የሚጎድልህ 12.3 ነው።

ለመውደቅ፦ ፍጥነቱን እስከ ዜሮ ማውረድ እንኳ አያስፈልግም፣ የፀሐይን ገጽ መንካት ይበቃል። የፀሐይ ሬዲየስ 696,000 ኪ.ሜ. ነው፤ የመሬትን ርቀት (149.6 ሚሊዮን ኪ.ሜ.) እንደ 1 አሃድ ብትወስደው 0.00465 ይሆናል። አንደኛው ጫፉ መሬት ያለችበት፣ ሌላው ጫፉ የፀሐይ ገጽ ላይ የሆነ ሞላላ ምህዋር አስብ። በሩቁ ጫፍ ላይ የሚኖረው ፍጥነት 29.8 × ስኩዌር ሩት(2 × 0.00465 ÷ 1.00465) = 2.9 ነው። ስለዚህ 26.9 መቀነስ አለብህ።

ለመውጣት 12.3፣ ለመውደቅ 26.9። ይህ ግን መንኮራኩሩ ከመሬት ስበት ከወጣ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። በተግባር የምትነሳው 200 ኪ.ሜ. ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ምህዋር ነው፤ እዚያ ፍጥነትህ 7.8፣ ከመሬት የማምለጫው ፍጥነት 11.0 ነው። ብዙ ሰው የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከመሬት ለማምለጥ የሚፈልገውንና ከዚያ በኋላ የሚፈልገውን ፍጥነት እንዳለ ይደምራቸዋል። የሚደመረው ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ስለዚህ የሁለቱን ካሬ ደምር፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ ያለህን 7.8 ቀንስ፦

ወደ ማርስ (ከመሬት ስበት ወጥቶ የሚቀር ትርፍ ፍጥነት 2.9)፦ 3.6
ከሥርዓተ ፀሐይ መውጣት (12.3)፦ 8.7
ፀሐይ ላይ መውደቅ (26.9)፦ 21.3

በሃይድሮጅንና በኦክሲጅን የሚሠራ ጥሩ ሞተር ጋዙን በሰከንድ 4.4 ኪ.ሜ. ገደማ ይተፋል። በጽዮልኮቭስኪ ቀመር የፍጥነቱን ለውጥ ለ4.4 አካፍለህ 2.718ን በዚያ ፓወር ብታነሳው፣ ለ1 ቶን መድረሻ ክብደት ስንት ቶን ይዘህ መነሳት እንዳለብህ ይነግርሃል። ለማርስ 2.3፣ ለመውጣት 7.2፣ ለፀሐይ ወደ 126። በዚያ 1 ቶን ውስጥ ባዶው ታንክና ሞተሩም ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ በአንድ ደረጃ ሮኬት የሚሞከር አይደለም። በብዙ ደረጃ ቢሆንም ለመሣሪያው የሚተርፈው ክብደት ኢምንት ነው።

ቬክተር

ሦስተኛውን እኔ ልውሰደው። ያ መልስ አለማጥገቡ ልክ ነው። ኃይሎቹ ቢመጣጠኑ ድምራቸው ዜሮ ነው፤ ድምሩ ዜሮ የሆነ ኃይል ያረፈበት ነገር በኒውተን አንደኛ ሕግ መሠረት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሬት ግን ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ትታጠፋለች። መሬት ላይ የሚሠራው አንድ ኃይል ነው፣ እሱም ወደ ፀሐይ የሚስበው። ያልተመጣጠነ በመሆኑ ነው ምህዋር ያለው።

መሬት በየሰከንዱ እየወደቀች ነው። የፀሐይ ስበት እዚህ ርቀት ላይ የሚሰጣት ፍጥንጥነት 0.0059 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። በ1 ሰከንድ ውስጥ የምትወድቀው የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ያህል። በዚያችው ሰከንድ ወደ ጎን 29.8 ኪ.ሜ. ሄዳለች። አሁን 149.6 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ቆመህ በታንጀንቱ 29.8 ኪ.ሜ. ቀጥ ብለህ ብትሄድ ከክቡ መስመር ምን ያህል ትርቃለህ? የተጓዝከውን ካሬ ለሬዲየሱ ሁለት እጥፍ አካፍል፦ 3 ሚሊ ሜትር። የወደቀችውም በቀጥታ መሄዷ ያራቃትም እኩል ስለሆኑ ርቀቷ አይለወጥም። የጎን ፍጥነቷ ያነሰ ቢሆን ኖሮ ትቀርብ ነበር፣ የበዛ ቢሆን ትርቅ ነበር።

ሰባተኛው ሰማይ

ይህ እኮ የአመለካከት ጉዳይ ነው። ከመሬት ጋር አብሮ ከሚዞር ማዕቀፍ ብታየው ሴንትሪፉጋል (ወደ ውጭ የሚገፋ) ኃይል አለ፣ ስበቱን ያመጣጥነዋል፣ ስሌቱም ይሠራል። ስህተት ነው ማለት ይከብዳል።

ቬክተር

በዚያ ማዕቀፍ መሥራቱን አልክድም፤ እንዲያውም የምትለውን ኃይል በትክክል ከያዝከው የተሻለ መልስ ይወጣዋል። ግን "ይመጣጠናል" የሚለው ለፍጹም ክብ ምህዋር ብቻ ነው። የመሬት ምህዋር ሞላላ ነው፤ በጃንዋሪ መጀመሪያ 147.1 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ትቀርባለች፣ በጁላይ መጀመሪያ 152.1 ሚሊዮን ትርቃለች። ፍጥነቷም በዚያው ከ30.3 ወደ 29.3 ኪ.ሜ. በሰከንድ ይወርዳል። ሁለቱ ኃይሎች በትክክል የሚተካከሉት በዓመት ውስጥ ሁለት ቅጽበት ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ እየራቀች ስትሄድ፣ አንዱ እየቀረበች ስትመጣ። በሌላው ጊዜ ሁሉ አንዳቸው ይበልጣሉ።

ቁልፉ ያለው የሚያድጉበት ፍጥነት ላይ ነው። ስበት ከርቀት ካሬ ጋር በተቃራኒው ይለወጣል። ሴንትሪፉጋሉ ግን፣ የመሬት አንጉላር ሞመንተም (የክብደቷ፣ የጎን ፍጥነቷና የርቀቷ ብዜት) ስለማይለወጥ፣ ከርቀት ኪዩብ ጋር በተቃራኒው ይለወጣል። መሬት ከአማካይዋ 1.67 በመቶ ስትቀርብ ስበቱ በ3.4 በመቶ ይጨምራል፣ ሴንትሪፉጋሉ ግን በ5.2 በመቶ። ወደ ፀሐይ በቀረበች ቁጥር ወደ ውጭ የሚመልሳት ያሸንፋል፣ በራቀች ቁጥር ስበቱ ያሸንፋል። ስለዚህ መሬትን ትንሽ ብትነካት ትወዛወዛለች እንጂ አትወድቅም። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ስበት ከርቀት ኪዩብ በበለጠ ፍጥነት ቢያድግ፣ የትኛውም የፕላኔት ምህዋር አይጸናም ነበር፤ የትንሿ ንክኪ ውጤት ወይ ፀሐይ ውስጥ መግባት ወይ መብረር ይሆን ነበር።

ዜሮ ስበት (ጠያቂ)

እናመሰግናለን። 3 ሚሊ ሜትሩ ሁሉንም ቦታ አስያዘልኝ። ሁለት ተከታይ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ መሬትን በአንዴ ብናቆማት ፀሐይ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይወስድባታል? ፍጥንጥነቱ በየቦታው ስለሚለያይ እንዴት እንደሚሰላ አልገባኝም። ሁለተኛ፣ "ፍጥነት መቀነስ" ስትሉ ግራ ገባኝ። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት አየር ሲያሽው ፍጥነቱ ይጨምራል የሚባል ነገር ሰምቻለሁ። ይህ ከላይ ካላችሁት ጋር አይጋጭም?

ኬፕለር ሦስት

ለመጀመሪያው ካልኩለስ አያስፈልግም። ቀጥታ ወደ ፀሐይ መውደቅ ማለት እጅግ የጠበበ ሞላላ ምህዋር ማለት ነው፤ ስፋቱ ዜሮ፣ ርዝመቱ 1 አሃድ። የምህዋሩ ግማሽ ርዝመት 0.5 አሃድ ይሆናል። በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ የዙሩ ጊዜ ካሬ ከግማሽ ርዝመቱ ኪዩብ ጋር እኩል ነው (በዓመትና በአሃድ ሲለካ)፦ 0.5 × 0.5 × 0.5 = 0.125፣ ስኩዌር ሩቱ 0.3536 ዓመት። ይህ ሙሉ ዙሩ ነው፤ መውደቁ ግማሹ ስለሆነ 0.1768 ዓመት፣ ማለትም 64.6 ቀን። የፀሐይን ገጽ ስትነካ ፍጥነቷ በሰከንድ 616 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ለሌላ ፕላኔት ከፈለግህ የዙሩን ጊዜ ለ5.657 አካፍል፣ አለቀ። ጁፒተር 11.86 ዓመት ትዞራለች፤ ብትቆም 2.1 ዓመት ይወስድባታል።

ዝቅተኛ ምህዋር

ሁለተኛው አይጋጭም፣ ግን ስንቱን አሳስቷል።

400 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ የምህዋር ፍጥነት 7.67 ነው፤ 200 ኪ.ሜ. ላይ 7.78። አየር ሳተላይቱን ቀስ በቀስ ሲይዘው ከፍታ ያጣል። ከፍታ በማጣቱ ከሚለቀቀው ጉልበት ግማሹን አየሩ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ግማሹ የሳተላይቱን ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ነው፤ አየሩ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ጠቅላላ ጉልበቱ ግን ቀንሷል። ኬፕለር ሦስት ከላይ የጻፈውም እንዲሁ ነው፤ 26.9 ቀንሶ የተነሳ መንኮራኩር በመነሻው ላይ 2.9 ብቻ ይሄዳል፣ ፀሐይ ጋ ሲደርስ ግን ከ600 ኪ.ሜ. በሰከንድ ያልፋል።

በሮኬት አጭር ፍሬን ስትይዝ የሚሆነውን ለየብቻ እየው፣ ምክንያቱም ከአየሩ ይለያል። የምትወርደው ፍሬን የያዝክበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በተቃራኒው ወገን፣ ግማሽ ዙር ላይ ነው። ዙሩን ስትጨርስ ፍሬን ወደያዝክበት ነጥብ ትመለሳለህ። በቁጥር፦ 400 ኪ.ሜ. ላይ 10 ሜትር በሰከንድ ብትቀንስ ተቃራኒው ጫፍ 35 ኪ.ሜ. ያህል ይወርዳል፣ 92.6 ደቂቃ የነበረው የዙር ጊዜ በ22 ሰከንድ ገደማ ያጥራል። አንድ ዙር ስትጨርስ ፍሬን ሳትይዝ ብትቀር ከምትሆንበት ቦታ 167 ኪ.ሜ. ያህል ቀድመሃል። ፍሬን ይዘህ ቀደምክ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ እንቆቅልሽ አይደለም። ጁን 1965 ላይ የናሳው ጠፈርተኛ ጄምስ ማክዲቪት ጄሚኒ 4 የተባለውን መንኮራኩር ይዞ፣ አብሮት ምህዋር ላይ ወደነበረው የሮኬቱ ሁለተኛ ደረጃ ሊጠጋ ሞከረ። አፍንጫውን ወደ ዒላማው አዙሮ ሞተር ሰጠ፤ ዒላማው እየራቀ ሄደ። ከፊትህ ወዳለ ነገር መፋጠን ምህዋርህን ያሰፋዋል፣ ዙርህን ያረዝመዋል፣ ወደ ኋላ ያስቀርሃል። ነዳጁ እየተመናመነ ስለሄደ ሙከራው ተቋረጠ። ዲሴምበር 15 ቀን 1965 ጄሚኒ 6ኤ ጄሚኒ 7ን አግኝቶ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የተጠጋው በሌላኛው ዘዴ ነው፤ ከታች ባለ፣ ዙሩ አጭር በሆነ ምህዋር ከኋላ እየደረሱ፣ በስተመጨረሻ ከፍ ማለት።

ሩቅ ዘዋሪ

21.3 የሚለው ቁጥር ቀጥታ ለሚሄድ ሰው ነው። ጥምዝ ብሎ መሄድ በጣም ይረክሳል፤ ክፍያው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ሽሽ፣ ከዚያ ውደቅ። ምህዋሩን እስከ 100 አሃድ አርዝመው፤ ከ200 ኪ.ሜ. ምህዋር ለዚህ 8.6 ያህል ያስፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ከማምለጥ ብዙም አያንስም። ሩቁ ጫፍ ላይ የቀረህ የጎን ፍጥነት 0.4 ብቻ ነው። እሱን ብታጠፋው ትወድቃለህ፤ ድምሩ 9.0። ከ21.3 ጋር አወዳድረው። ችግሩ የኬፕለር ሕግ ነው፤ መሄጃው ብቻ 179 ዓመት ነው፣ መመለሻውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ፀሐይ ላይ በብዛት የሚወድቁት ጅራታም ኮከቦች የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩቅ ስለሚመጡ የጎን ፍጥነታቸው ከመነሻው ትንሽ ነው። ፀሐይን እንዲመለከት በዲሴምበር 1995 የተወነጨፈው ሶሆ የተባለው መንኮራኩር ከ5,000 በላይ ጅራታም ኮከቦች ታይተውበታል፤ አብዛኞቹ ክሮይትዝ የሚባለው ቡድን አባላት ናቸው፣ ፀሐይን ታክከው የሚያልፉ ወይም የሚጠፉ።

ሁለተኛው መንገድ ጁፒተር ናት። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ፦ "በርካሹ መንገድ ጁፒተር ጋ ድረስ፣ እሷ ፍሬን ትይዝልሃለች።" አትይዝም። ፕላኔት አጠገብ ስታልፍ፣ ከፕላኔቷ አንጻር ያለህ ፍጥነት ስትገባም ስትወጣም እኩል ነው፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። በርካሹ መንገድ ከደረስክ ከጁፒተር አንጻር ፍጥነትህ 5.6 ነው፣ ጁፒተር ራሷ በ13.1 ትሄዳለች። ያን 5.6 ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ብታዞረው የሚቀርህ 13.1 − 5.6 = 7.5 ነው፤ ስትደርስ ከነበረህ ጋር ያው። ምንም አላተረፍክም። ለመቆም ከጁፒተር አንጻር 13.1 ይዘህ መድረስ አለብህ። ለዚህ ከመሬት አካባቢ በ40.5 መነሳት ያስፈልጋል፤ ከማምለጫው 42.1 በጥቂቱ ያንሳል። ከ200 ኪ.ሜ. ምህዋር 7.5 ይሆናል፣ ለ1 ቶን 5.5 ቶን። የሚፈለገው የማጠፊያ ማዕዘን 66 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ከጁፒተር መሃል 620,000 ኪ.ሜ. ላይ ማለፍ ይበቃል። ሬዲየሷ 71,500 ኪ.ሜ. ስለሆነ በሰፊው ይቻላል። ዩሊሲስ የተባለው መንኮራኩር በፌብሩዋሪ 1992 ጁፒተርን ታኮ ያለፈው በዚሁ መርህ ነው፤ እሱ ግን ፍጥነቱን ወደ ታች ሳይሆን ከፕላኔቶቹ ሜዳ ወደ ላይና ወደ ታች አዙሮ የፀሐይን ዋልታዎች እንዲያይ ነበር።

ዜሮ ስበት (ጠያቂ)

ታዲያ ፓርከር (ናሳ ወደ ፀሐይ የላከው መንኮራኩር) ለምን በጁፒተር አልሄደም? በቬኑስ ነው የሄደው አይደል?

ኬፕለር ሦስት

ቀደም ብሎ የነበረው ንድፍ በጁፒተር ነበር። ጁፒተር ጋ የፀሐይ ብርሃን መሬት ጋ ካለው 27 ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ በኑክሌር የሚሠራ የኃይል ምንጭ ግድ ይል ነበር። ከዚያ ደግሞ በየዙሩ እስከ ጁፒተር እየሄደ የሚመለስ መንኮራኩር ፀሐይን የሚጎበኘው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። በቬኑስ በኩል ሲሆን በሶላር ፓኔል ይሠራል፣ በየ3 ወሩም ይመለሳል።

ዋጋው ግን አለ። ቬኑስ ከመሬት ክብደት 0.815 ብቻ ስለሆነች መንገዱን የምታጥፈው በትንሹ ነው፤ በአንድ ማለፍ የሚፈለገው አይገኝም። ሰባት ጊዜ ነው ያለፈባት፣ የመጀመሪያው ኦክቶበር 2018፣ የመጨረሻው ኖቬምበር 6 ቀን 2024። ለፀሐይ የቀረበበት ርቀት ከፀሐይ መሃል ሲለካ ከ35.7 የፀሐይ ሬዲየስ ተነስቶ 9.86 ደረሰ። በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ላይ ሲያልፍ በሰዓት 690,000 ኪ.ሜ. ያህል ይበር ነበር፣ በሰከንድ 192 ማለት ነው።

ደግሞ ልብ በል፣ ይህም ቢሆን መውደቅ አይደለም። የፓርከር ሩቁ ጫፍ ቬኑስ ምህዋር አካባቢ ነው፤ እዚያ ሲደርስ በ11.9 ይሄዳል። ፀሐይን እንዲነካ ይህ ወደ 3.9 መውረድ አለበት። ከሰባት ጊዜ ማለፍ በኋላ ገና 8.0 ይጎድለዋል።

አንድ መስመር ኮድ

በቁጥሮቹ መጫወት ለሚፈልግ፣ ሃያ መስመር ፓይተን ይበቃል። አሃዶቹን በርቀት አሃድና በዓመት አድርጋቸው፤ ያኔ የፀሐይ የስበት ቋሚ 39.478 ይሆናል (4 ጊዜ የፓይ ካሬ)። በሜትርና በሰከንድ ብትሠራ 1.327 × 10 ፓወር 20 ነው፤ ኪ.ሜ.ና ሜትር መቀላቀል የተለመደው የስህተት ምንጭ ስለሆነ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አጀማመር፦ ቦታ (1፣ 0)፣ ፍጥነት (0፣ 6.283)፣ እርምጃ 0.001 ዓመት (8.8 ሰዓት ገደማ)። በየእርምጃው ርቀቱን አስላ፤ ፍጥንጥነቱ = −39.478 × ቦታ ÷ የርቀት ኪዩብ።

አሁን ወጥመዱ። አብዛኛው ጀማሪ ቦታውን በአሮጌው ፍጥነት፣ ፍጥነቱንም በአሮጌው ቦታ ያድሳል። ይህ የኦይለር ዘዴ ነው፤ በየእርምጃው በታንጀንቱ ስለሚወጣ ጉልበት ከምንም ይፈጥራል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች መሬት በአንድ ዓመት 7 በመቶ ያህል ትርቃለች፣ በ10 ዓመት ውስጥ 1.5 አሃድ ትደርሳለች፤ ማርስ ያለችበት ማለት ነው። ፊዚክሱ ምንም አልሆነም፣ ዘዴው ነው የተበላሸው። መድኃኒቱ የሁለት መስመር ቦታ መቀያየር ነው፦ መጀመሪያ ፍጥነቱን አድስ፣ ከዚያ ቦታውን በአዲሱ ፍጥነት አድስ። ከዚያ በኋላ ምህዋሩ በትንሹ ይወዛወዛል እንጂ አይሸሽም። የበለጠ ጥራት ከፈለግህ ሊፕፍሮግ ተጠቀም፤ ፍጥነቱን በግማሽ እርምጃ፣ ቦታውን በሙሉ እርምጃ፣ ፍጥነቱን እንደገና በግማሽ።

መቆጣጠሪያ፦ በየ100 እርምጃው ጉልበቱን አትም (የፍጥነት ካሬ ግማሽ ሲቀነስ 39.478 ÷ ርቀት)። ለመሬት −19.74 ላይ መቆየት አለበት። ሲንሸራተት ካየህ ሌላ ነገር አትፈልግ፣ ዘዴህን ወይም እርምጃህን እይ።

የኬፕለር ሦስትን ቁጥሮች ለመሞከር መነሻ ፍጥነቱን 8.886 አድርገው፣ አይመለስም። 0.6045 አድርገው፣ 0.00465 ላይ ፀሐይን መንካት አለበት።

ዜሮ ስበት (ጠያቂ)

ሞከርኩት። 8.886 በትክክል ይሠራል። 0.6045 ላይ ግን ፀሐይ ጋ ደርሶ በሌላ አቅጣጫ ተወርውሮ ከስክሪኑ ይወጣል። መስመሮቹን እንዳልከው አቀያይሬያለሁ።

አንድ መስመር ኮድ

እርምጃው ነው። 0.01 አሃድ ርቀት ላይ የክብ ምህዋር ሙሉ ዙር ራሱ 0.001 ዓመት ነው። አንተ የምትራመደው በአንድ ዙር ልክ ነው፤ ፀሐይ አጠገብ የሚሆነውን መታጠፍ ኮዱ ጨርሶ አያየውም፣ አንድ የተጋነነ ግፊት ሰጥቶ ያሻግረዋል። ለዚህ ምህዋር እርምጃውን ወደ 0.000001 አውርደው። ለመውደቂያው 0.18 ዓመት ያህል ስለሆነ 180,000 እርምጃ ነው፣ ኮምፒውተር አይከብደውም።

ሲርቅ ረጅም፣ ሲቀርብ አጭር እርምጃ መጠቀም ይቀናህ ይሆናል። ለአንድ መውደቅ ችግር የለውም። ለሺህ ዙር ግን አታድርገው፤ ሊፕፍሮግ ጉልበቱን የሚጠብቀው እርምጃው ቋሚ ሲሆን ነው፣ እንደፈለግህ ስትለዋውጠው መንሸራተቱ ይመለሳል። ለዚያ ራንጌ ኩታ ዓይነት እርምጃውን በስህተቱ መጠን የሚያስተካክል ዘዴ ያዝና ጉልበቱን እያተምክ ተከታተል።